ስም ሳይሰጡ መቁጠር፦ የአፈር ኔማቶዶችን በባርኮድ ስለመለየት የቀረበ ሂሳዊ ዳሰሳ

የሥራው ርዕስ፦ የአፈር ኔማቶዶችን ለመለየት የሚያገለግሉ ሞለኪውላዊ ባርኮዶች
ጸሐፊዎች፦ ሮቢን ፍሎይድ፣ እዩዓለም አበበ፣ አርቴሚስ ፓፐርት፣ ማርክ ብላክስተር
የታተመበት፦ ሞለኪውላር ኢኮሎጂ መጽሔት፣ ቅጽ 11፣ እ.ኤ.አ. 2002፣ ከገጽ 839 እስከ 850

የዲኤንኤ ባርኮድ፣ ማለትም ሕያዋንን በአጭር የዲኤንኤ ቁራጭ የመለየት ዘዴ፣ ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚጠቅሰው በካናዳ የሚሠራው ፖል ሄበርት ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተመውን ጽሑፍ ነው። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ግን አራት ተመራማሪዎች ይህንኑ ቃል በርዕሳቸው ይዘው፣ ከስኮትላንድ የሣር መሬት ያወጧቸውን ደቃቅ ትሎች በዲኤንኤ ለይተው ውጤቱን አሳትመው ነበር። ጽሑፉ አሥራ ሁለት ገጽ ብቻ ነው። ከአራቱ ጸሐፊዎች አንዱ ኢትዮጵያዊው የኔማቶድ ተመራማሪ ዶክተር እዩዓለም አበበ ናቸው። ሥራው በዘርፉ ሰዎች ዘንድ ደጋግሞ ይጠቀሳል፤ በአማርኛ አንባቢ ዘንድ ግን እምብዛም አይታወቅም።

ዛሬ ዘዴው በብዙ አገሮች የአፈር ጥናት መደበኛ መሣሪያ ሆኗል። ስለዚህ ጽሑፉን አሁን መልሶ ማንበብ የሚጠቅመው ለታሪክ ሲባል ብቻ አይደለም። የዛሬው ዘዴ ጥንካሬም ሆነ ድክመት በዚያ ትንሽ ሥራ ውስጥ ገና ከጅምሩ ይታያል። ይህ ዳሰሳ ይዞ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ ጸሐፊዎቹ ለመቁጠር የሰጡን መሣሪያ፣ የተቆጠሩት ትሎች በአፈር ውስጥ የሚሠሩትን ለማወቅ ምን ያህል ይበቃል?

ችግሩ ከየት ይነሳል?

ኔማቶዶች ሰውነታቸው ያልተከፋፈለ፣ ጫፎቻቸው የሾሉ ድቡልቡል ትሎች ናቸው። በአፈር ውስጥ የሚኖሩት አብዛኞቹ ርዝመታቸው አንድ ሚሊሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ስለሆነና ሰውነታቸውም ብርሃን ስለሚያሳልፍ ያለ ማይክሮስኮፕ አይታዩም። ብዛታቸው ግን ከሌላው እንስሳ ሁሉ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 በኔቸር መጽሔት የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት በምድር የላይኛው አፈር ውስጥ ያሉትን ኔማቶዶች 44 ብሎ ከኋላው 19 ዜሮ በሚያስከትል ቁጥር ገምቷቸዋል፤ ጠቅላላ ክብደታቸውን ደግሞ 300 ሚሊዮን ቶን ገደማ አድርጎታል።

ሁሉም አንድ ዓይነት ኑሮ አይኖሩም። ባክቴሪያ የሚበሉ አሉ፤ የፈንገስን ክር ወግተው የሚመጥጡ አሉ፤ የተክል ሥር የሚያጠቁ አሉ፤ ሌላውን ኔማቶድ አድነው የሚበሉም አሉ። ባክቴሪያ የሚበላው ትል ከሚያስፈልገው በላይ ያገኘውን ናይትሮጅን ወደ አፈሩ ይለቃል፤ ተክሉም ያንን መልሶ ይጠቀምበታል። ሥር የሚያጠቃው ደግሞ የገበሬውን ምርት ይቀንሳል። ስለዚህ በአንድ ማሳ ውስጥ የትኛው ወገን እንደበዛ ማወቅ ስለ አፈሩ ሁኔታ ብዙ ይናገራል። ሆላንዳዊው ቶም ቦንገርስ እ.ኤ.አ. በ1990 ያቀረበው የብስለት መለኪያ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። ቦንገርስ የኔማቶድ ቤተሰቦችን ከ1 እስከ 5 ደረጃ ሰጣቸው። በ1 የተመደቡት ምግብ ሲትረፈረፍ በፍጥነት የሚራቡ ናቸው፤ በ5 ያሉት በዝግታ የሚያድጉ፣ ጥቂት እንቁላል የሚጥሉና የአፈር መረበሽ የሚጎዳቸው ናቸው። የአንድ ማሳ አማካይ ዝቅ ብሎ ከተገኘ አፈሩ በማረሻ፣ በማዳበሪያ ወይም በብክለት የተናጋ ነው ተብሎ ይገመታል።

ይህን ሁሉ ለማድረግ ግን መጀመሪያ ትሉ ምን እንደሆነ መታወቅ አለበት። ባለሙያው በማይክሮስኮፕ የሚያየው የአፍን ቅርጽ፣ ሥር መውጊያ መርፌው ካለ ርዝመቱን፣ የጉሮሮን ጡንቻ፣ የመራቢያ አካልንና የጅራትን ጫፍ ነው። እነዚህ ምልክቶች በአብዛኛው የሚታዩት በጎለመሰ ትል ላይ ነው፤ ከአፈር ከሚወጣው መካከል ደግሞ ብዙው ያልጎለመሰ ነው። በተለመደው አሠራር ከአንድ ናሙና 100 ወይም 200 ትል ያህል ብቻ ተመርጦ ይለያል። ያንን ለማድረግ እንኳ ለዓመታት የሠለጠነ ዓይን ይጠይቃል። እስካሁን ስም ያገኙት ዝርያዎች ከ25 ሺህ ይበልጣሉ፤ ያልተገለጹት ከዚህ እጅግ እንደሚበዙ ተመራማሪዎቹ ይስማማሉ። በሞቃታማ አገሮች አፈር ውስጥ ስም የሌለው ትል ማግኘት የተለመደ ነው።

ጸሐፊዎቹ ምን አደረጉ?

እነ ፍሎይድ የሠሩት በደቡብ ስኮትላንድ፣ ከእንግሊዝ ድንበር አጠገብ በሚገኘው ሳውርሆፕ የተባለ ደጋማ የሣር መሬት ላይ ነው። ቦታው በዚያ ዘመን የብሪታንያ ተመራማሪዎች የአፈርን ብዝኃ ሕይወት በጋራ የሚያጠኑበት ጣቢያ ነበር። ጸሐፊዎቹ እያንዳንዱን ትል ለብቻው ወስደው ሰውነቱን በኬሚካል አሟሙተው ዲኤንኤውን አወጡ። ፒሲአር በተባለው የዲኤንኤ ማባዣ ዘዴ ያባዙት ራይቦዞም ከሚሠራባቸው ጂኖች አንዱን፣ 18ኤስ የሚባለውን፣ በመነሻው በኩል ነው። ከዚያም 450 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ያህል ርዝመት ያለውን የዲኤንኤ ቅደም ተከተል አነበቡ።

ቀጥሎ የመጣው ውሳኔ የጽሑፉ ልብ ነው። ሁለት ትሎች በዚህ ቁራጭ ላይ ከ99.5 በመቶ በላይ ከተመሳሰሉ በአንድ መደብ ይገባሉ፤ ካልተመሳሰሉ ይለያያሉ። በ450 ቤዝ ላይ ይህ ማለት ከሁለት ቤዝ ያህል ያለፈ ልዩነት መደብ ይለያል ማለት ነው። ጸሐፊዎቹ እነዚህን መደቦች ዝርያ ብለው አልጠሯቸውም። ሞለኪውላዊ መደብ አሏቸው፤ ለሥራ እንዲመች የተበጀ ክፍልፍል እንጂ በተፈጥሮ ስለመኖሩ የሚማሉበት ወሰን እንዳልሆነ ከስሙ ጀምሮ ግልጽ አደረጉ።

ውጤቱ አጭር ነው። በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ካራቧቸው ትሎች 166ቱን አንብበው ያገኙት አምስት መደብ ብቻ ነው። ከመሬቱ ላይ ያለ ምርጫ ከወሰዷቸው 74 ትሎች ግን 19 መደብ አገኙ። በኋላም ከአንዲት ንዑስ ቦታ ብቻ 18 ትሎች ወስደው ሲያነቡ ስምንት መደብ ወጣ፤ ከስምንቱ አራቱ ቀድሞ ያልታዩ ነበሩ። በድምሩ 23 መደብ መዘገቡ። ብዙዎቹን መደቦችም ስማቸው ከታወቀ ዝርያዎች የዲኤንኤ ክምችት ጋር አስተያይተው በየትኛው ቤተሰብ ወይም ወገን እንደሚገቡ ለማመልከት ቻሉ።

የሥራው ጥንካሬ

የመጀመሪያው ጥንካሬ ከቁጥሮቹ መካከል ጎልቶ የሚወጣው ንጽጽር ነው። ከ166 ትሎች አምስት፣ ከ74 ትሎች 19። በሳህን ላይ የሚራባው ትል ባክቴሪያ በልቶ ቶሎ የሚዋለድ ነው። የሥር ጥገኛው ተክል ይፈልጋል፤ አዳኙ የሚያድነውን ይፈልጋል፤ በዝግታ የሚያድገው ትልቅ ትል ደግሞ በሳህን ላይ ለመኖር እምቢ ይላል። ስለዚህ አንድ ላቦራቶሪ የሚያራባቸውን ብቻ አይቶ ስለ አፈሩ ቢናገር የሚናገረው ስለ ጥቂቶቹ ነው። ይህ ነገር በግምት ይታወቅ ነበር። እነ ፍሎይድ ግን በአንድ መሬት፣ በአንድ ዘዴና በአንድ መለኪያ አረጋገጡት። በኔማቶዶች ዘርፍ ዛሬም ድረስ እጅግ የምናውቀው ትል ካይኖራብዳይቲስ ኤለጋንስ በሳህን ላይ በመራባቱ የታወቀ መሆኑን ስናስታውስ፣ ይህ ውጤት ምን ያህል ክብደት እንዳለው ይገባናል።

ሁለተኛው ጥንካሬ ያልጎለመሰውን ትል ከጎለመሰው እኩል ማስቆጠሩ ነው። ዲኤንኤ በዕድሜ አይለወጥም። በማይክሮስኮፕ ሥር ያልታወቀ ተብሎ ወደ ጎን የሚገፋ ትል በዚህ ዘዴ ከእናቱ ጋር በአንድ መደብ ይቀመጣል። በወንዱና በሴቷ መካከል ያለው የመልክ ልዩነትም እንቅፋት አይሆንም። በማይክሮስኮፕ ቆጠራ ያልታወቀ ተብሎ የሚታለፈው ክፍል ከፍ ባለ ቁጥር የብስለት መለኪያው የሚታመንበት ደረጃ ይቀንሳል፤ ባርኮዱ ይህን ክፍተት ያጠባል።

ሦስተኛውና ለእኔ ትልቁ ጥንካሬ ቁጠራን ከስም መለየቱ ነው። ቀድሞ አንድን ትል ለመቁጠር መጀመሪያ ስሙን ማወቅ ግድ ነበር። ስም የሌለው ትል ቢበዛ እንደ ጉድለት ነበር የሚታየው። እነ ፍሎይድ ቅደም ተከተሉን ተገቢ ወሰን ሰጥተው መደብ ካደረጉት በኋላ ስሙ ዛሬም ሊመጣ ይችላል፣ ከአሥር ዓመት በኋላም ሊመጣ ይችላል፤ ቁጠራው ግን አይቆምም። በዚያ ላይ የአንዱ ላቦራቶሪ መደብ ከሌላው ጋር በቀላሉ ይነጻጸራል። ሁለት ባለሙያዎች አንዱን ትል በተለያየ ስም ሊጠሩት ይችላሉ፤ የ450 ቤዝ ቅደም ተከተል ግን በኤዲንብራም በአዲስ አበባም ያው ነው። ከሁሉ በላይ ጸሐፊዎቹ መደቡ ዝርያ ነው ብለው አለማጋነናቸው ይመሰገናል። በኋላ የመጡ ብዙ ሥራዎች ይህን ጥንቃቄ ዘንግተው ማሽን ያወጣውን ሞለኪውላዊ መደብ ቆጥረው የዝርያ ብዛት ብለው ጽፈዋል።

የሥራው ድክመት

የመጀመሪያው ድክመት የናሙናው ማነስ ነው። በደጋ የሣር መሬት አንድ ካሬ ሜትር ውስጥ የሚኖሩት ኔማቶዶች በሚሊዮን ይቆጠራሉ። ከዚያ ባሕር ውስጥ ያለ ምርጫ የተነበቡት በአሥሮች የሚቆጠሩ ናቸው። ከአንዲት ንዑስ ቦታ የተወሰዱት 18 ትሎች አራት አዲስ መደብ ማስገኘታቸው ራሱ ቁጠራው ገና ወደ ዳር እንዳልደረሰ ይመሰክራል። 23 የሚለው ቁጥር የመሬቱ ብዝኃ ሕይወት ሳይሆን የተነበበው ጥቂት ክፍል ነው። ጸሐፊዎቹ ዘዴውን ለማሳየት እንጂ መሬቱን ለመቁጠር አልተነሱም፤ ይሁን እንጂ ቁጥሩን ብቻ ወስዶ የሚሄድ አንባቢ እንዳይኖር ጠበቅ ያለ ማስጠንቀቂያ ቢጨምሩ ይሻል ነበር።

ሁለተኛው ድክመት በአንድ ጂን ላይ መተማመን ነው። 18ኤስ የተመረጠው በሁሉም ኔማቶዶች ዘንድ ስለሚገኝና ጫፎቹ ብዙም ስለማይለዋወጡ ነው፤ ለሁሉም የሚሠራ ፕራይመር (የፒሲአር ማባዛት የሚጀምርበት አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) ማበጀት ይቻላል። ይኸው ቀርፋፋነቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል። በቅርብ የተለያዩ ዝርያዎች በዚህ ቁራጭ ላይ ምንም ልዩነት ላያሳዩ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ታንግና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ያወጡት ጥናት 18ኤስን ብቻ የሚጠቀሙ ቆጠራዎች የደቃቅ እንስሳትን ብዝኃነት እጅግ አሳንሰው እንደሚያሳዩ አመልክቷል። በፍጥነት የሚለወጠው የማይቶኮንድሪያ ጂን ዝርያን በተሻለ ይለያል፤ እሱ ደግሞ በኔማቶዶች መካከል ከመጠን በላይ ስለሚለያይ ለሁሉም የሚሆን ፕራይመር ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ ተመራማሪው አንዱን መምረጥ አለበት፤ ሁሉንም ቤተሰብ በጥቅሉ ማየት ወይም ጥቂት ቤተሰቦችን በጥልቀት ማየት።

ይህ ድክመት በተግባር ምን እንደሚያስከትል ለማየት በስሙ ኢትዮጵያን የሚያነሳውን ሜሎይዶጋይን ኢትዮፒካ የተባለ የሥር አንጓ ኔማቶድ መመልከት ይበቃል። ይህ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1968 ከታንዛኒያ በተገኘ ናሙና በዋይትሄድ ተገልጾ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 በስሎቬኒያ የቲማቲም ተክል ላይ የሥር አንጓ ትል ሲገኝ ይኸው ዝርያ ነው ተባለ፤ ቀጥሎም በሌሎች የደቡብ አውሮፓ አገሮችና በቱርክ በዚሁ ስም ተመዘገበ። ከዓመታት በኋላ የኤንዛይም ምልክቶችና የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ በጥንቃቄ ሲታዩ ግን የአውሮፓዎቹ ትሎች በ2014 ከብራዚል የተገለጸው ሜሎይዶጋይን ሉቺ ሆነው ተገኙ፤ በ2017ም ስማቸው በይፋ ተቀየረ። እነዚህ ሁለት ዝርያዎች እርስ በርስ እጅግ የተቀራረቡ ናቸው። 18ኤስ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ጉዳዩን ሊፈታው አይችልም ነበር። ለኳራንቲን ሠራተኛ፣ ለዘር አስመጪና ለገበሬ ግን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሕግና የገንዘብ ጉዳይ ነው።

ሦስተኛው ድክመት አካሉ መጥፋቱ ነው። ትሉ ዲኤንኤው እንዲወጣ ሲሟሟ መልሶ የሚታይ ነገር አይቀርም። ቅደም ተከተሉ አጠራጣሪ ሆኖ ከተገኘ ወደ ትሉ ተመልሶ አፉንና ጅራቱን ማየት አይቻልም። ሌሎች ተመራማሪዎች ይህን ቶሎ ተገንዝበዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ደ ሌይና ባልደረቦቹ ትሉ ከመሟሟቱ በፊት በማይክሮስኮፕ ላይ በተገጠመ ካሜራ ከላይ እስከ ታች በቪዲዮ እንዲቀረጽና ቪዲዮው ከቅደም ተከተሉ ጋር እንዲቀመጥ ሐሳብ አቅርበዋል። ይህ ቀላል ሐሳብ የ2002ቱን ሥራ ትልቅ ቀዳዳ ይደፍናል። የሚያሳዝነው እስካሁንም ሁሉም ላቦራቶሪ አይተገብረውም።

አራተኛውና ከሥነ ምህዳር አንጻር ዋነኛው ድክመት መደቡ ስለ ትሉ ሥራ ምንም አለመናገሩ ነው። ጸሐፊዎቹ መደቦቻቸውን ስማቸው ከሚታወቅ ዝርያዎች ጋር በማስተያየት ይህን ክፍተት ለመሙላት ሞክረዋል፤ ቤተሰቡ ከታወቀ የቦንገርስ ደረጃ ሊሰጠው ይችላል። እስከዚህ ድረስ 18ኤስ በደንብ ያገለግላል፤ የብስለት መለኪያውም የሚጠይቀው የቤተሰብ ስም ስለሆነ ዝርያን መለየት አለመቻሉ እዚህ ላይ ብዙ አይጎዳም። ነገር ግን ዘመድ ሁሉ አንድ ዓይነት ኑሮ አይኖርም። አፌለንኮይደስ በተባለው ወገን ውስጥ ፈንገስ ብቻ የሚበሉም ተክል የሚያጠፉም አሉ። ታይለንኪዴ በተባለው ቤተሰብ ያሉት ምን እንደሚበሉ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ዛሬም ይከራከራሉ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚመልሰው ትሉን በሕይወት እያለ ሲበላ ያየ ሰው ነው፤ ባርኮዱ ያንን ሰው አይተካውም።

ከዚያ በኋላ ምን መጣ?

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ትሎችን አንድ በአንድ ማንበብ ቀረና በአንድ ጊዜ ሺዎችን የሚያነቡ ማሽኖች መጡ። የ2009ኙ የዶሮታ ፖራዚንስካ ቡድን ሥራ እዚህ ላይ ተገቢ ምስክር ነው። ቡድኑ 41 የታወቁ የኔማቶድ ዝርያዎችን ሆን ብሎ ቀላቅሎ፣ በአዲሱ ማሽን አንብቦ፣ ማሽኑ ምን ያህሉን እንደሚያገኝ ፈተነ። አብዛኞቹ ተገኙ። የተነበቡት ቅጂዎች ብዛት ግን በድብልቁ ውስጥ ካሉት ትሎች ብዛት ጋር አልተጣጣመም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የራይቦዞም ጂን በአንዱ ዝርያ በአሥሮች፣ በሌላው በመቶዎች ቅጂ ሊኖረው ይችላል። ትልቁ ትል ከትንሹ ይልቅ ብዙ ሕዋስ፣ ስለዚህም ብዙ ዲኤንኤ አለው። ፕራይመሩም ለአንዱ ቤተሰብ ከሌላው ይልቅ ይመቸዋል። ስለዚህ ማሽኑ ማን እንዳለ በደህና ይናገራል፤ ስንት እንዳለ ሲናገር ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከአፈሩ በቀጥታ ዲኤንኤ የሚያወጣው አሠራር ሌላ ችግር ይጨምራል፤ የሞቱ ትሎች ዲኤንኤ ለተወሰነ ጊዜ በአፈሩ ውስጥ ይቆያል፣ የሚወሰደውም አፈር ጥቂት ግራም ብቻ ስለሆነ ትልቅና ብርቅ የሆኑት ትሎች ሊያመልጡ ይችላሉ።

የ2019ኙ ዓለም አቀፍ ጥናት የታመነበት ምክንያት እዚህ ላይ ይገባናል። 6,759 ከሚደርሱ የናሙና ቦታዎች የተሰበሰበው የዚያ ጥናት መረጃ የተመሠረተው በማይክሮስኮፕ በተቆጠሩ ትሎች ላይ ነው። ባርኮድ ከተፈለሰፈ አሥራ ሰባት ዓመት ካለፈ በኋላ የምድርን ኔማቶዶች የመቁጠር ሥራ በአሮጌው መሣሪያ ተከናወነ። ይህ ዘመናዊውን ዘዴ ለማጣጣል የሚነሳ ነገር አይደለም፤ እነ ፍሎይድ የከፈቱት መንገድ ዓይነትን ለማወቅ እንጂ ብዛትን ለመመዘን እንዳልተሠራ ያሳያል። ሁለቱን የሚያጣምሩ ጥናቶች፣ ትሉን ከአፈር አውጥተው መጀመሪያ በማይክሮስኮፕ ጠቅላላ ብዛቱን ቆጥረው ከዚያ ዓይነቱን በዲኤንኤ የሚለዩት፣ ከሁሉ የሚታመነውን ውጤት የሚሰጡት ለዚህ ነው።

ለእኛስ ምን ይነግረናል?

በዚህ ሥራ ውስጥ የዶክተር እዩዓለም አበበ ድርሻ ትኩረት የሚያሻው ስማቸው ኢትዮጵያዊ ስለሆነ ብቻ አይደለም። እሳቸው ወደ ዲኤንኤ የመጡት በማይክሮስኮፕ አልፈው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከቤልጂየማዊው አውግስት ኩማንስ ጋር ከኢትዮጵያ ውኃዎች የተሰበሰቡ ኔማቶዶችን በዝርዝር እየሳሉና እየለኩ የገለጹባቸው ተከታታይ ጽሑፎች አሏቸው። ከሳውርሆፑ ሥራ አንድ ዓመት በኋላም ከብላክስተር ጋር በመሆን ፓናግሮላይመስ የተባሉ ትሎችን በማዳቀል፣ በመልክና በዲኤንኤ ለይተው ሦስቱን ዘዴዎች እርስ በርስ አነጻጽረዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣውን፣ ጨዋማ ባልሆኑ ውኃዎች ስለሚኖሩ ኔማቶዶች የተጻፈውን መጽሐፍ ካዘጋጁት ሦስት አርታዒዎች አንዱም እሳቸው ናቸው። ባርኮዱ ከስም ጋር ሊገናኝ የቻለው ትሉን ከዲኤንኤው በፊት በዓይናቸው የሚያውቁ እንዲህ ያሉ ሰዎች ከሥራው ጋር ስለነበሩ ነው።

ይህ ነጥብ ለኢትዮጵያ የአፈር ጥናት በቀጥታ ይሠራል። በደቡቡ የእንሰት ሥር ላይ ፕራታይለንከስ ጉዴይ የተባለው ሥር አቁሳይ ኔማቶድ በስፋት ይገኛል። በስምጥ ሸለቆ በመስኖ ቲማቲም የሚያለሙ ገበሬዎች ደግሞ የሥር አንጓ ትልን በዓይናቸው ያውቁታል፤ ሥሩ ተነቅሎ ሲወጣ እብጠቱ ይታያል። እነዚህ ተባዮች ስለሚጎዱን ተጠንተዋል። በደጋው ጥቁር መሬት፣ በቡናው ጥላ ሥርና በአብያተ ክርስቲያናት ደን ውስጥ ዝም ብለው ናይትሮጅን የሚያመላልሱት ብዙዎቹ ግን ስምም ባርኮድም የላቸውም። ከእነዚህ አፈሮች አንድ ናሙና ወስደን በውጭ አገር ማሽን ብናስነብብ የሚመለስልን ረጅም የመደብ ዝርዝር ነው፤ ከዝርዝሩ ብዙው ደግሞ በዓለም አቀፉ የዲኤንኤ ክምችት ውስጥ የቅርብ ዘመድ ስለማይኖረው ምን እንደሆነ አይታወቅም። የባርኮድ ጥቅም የሚለካው በሚነጻጸርበት ክምችት ሙላት ነው። ለስኮትላንድ ይህ ክምችት በከፊል ነበረ፤ ለእኛ አፈር ገና አልተሠራም።

ዋጋው እየቀነሰ ነው። በእጅ የሚያዝ፣ ናኖፖር የተባለ የዲኤንኤ ማንበቢያ ማሽን ኔማቶድን ለመለየት መዋል ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። ስለዚህ ነገ የሚያጥረን ማሽኑ አይሆንም፤ ትሉን ከአፈር አጥቦ የሚያወጣ፣ በማይክሮስኮፕ የሚያይ፣ በቪዲዮ የሚቀርጽ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ዲኤንኤ የሚልክ እጅ ነው። በቤልጂየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ የኔማቶድ ሥልጠና ያገኙ ኢትዮጵያውያን አሉ። እነሱን በአንድ ሥራ ላይ የሚያሰባስብ የናሙናና የባርኮድ ክምችት በአገር ውስጥ ቢቋቋም፣ ከውጭ የሚመጣው ገንዘብ ከማሽን ግዢ ይልቅ በቅድሚያ ወደዚያ ቢሄድ፣ የሚገኘው ውጤት ዘላቂ ይሆናል።

ማጠቃለያ ፍርድ

የእነ ፍሎይድ ሥራ በዘዴ ጽሑፍነቱ ጠንካራ፣ በሥነ ምህዳር ጽሑፍነቱ ግን ገና ጅምር ነው። ቁጠራን ከስም መለየቱ፣ ያልጎለመሰውን ትል ከቁጥር አለማውጣቱና መደቡን ዝርያ ብሎ አለማታለሉ እስከዛሬ ያቆዩታል። የናሙናው ማነስ፣ የአንድ ጂን ጠባብነት፣ የትሉ አካል መጥፋትና የትሉ ሥራ አለመታወቁ ደግሞ ከእሱ በኋላ የመጡት ሊያርሙት የሚገባ የቤት ሥራ ነበር። ከእነዚህ የመጀመሪያው በማሽን ተፈትቷል፤ ሁለተኛው በከፊል ተፈትቷል፤ ሦስተኛው መፍትሔው ታውቆ እያለ ይዘለላል፤ አራተኛው አሁንም ሰው ይጠይቃል።

የአፈር ጥናት ተማሪዎች ይህን ጽሑፍ ከማሽን መመሪያው በፊት ያንብቡት። ቁጥሮቹ ትንሽ ናቸው፤ ጥንቃቄው ግን ከብዙ ዘመናዊ ሥራዎች ይበልጣል። የገንዘብ ድጋፍ የሚሰጡ ተቋማትም አንድ ነገር ይመልከቱ፤ ከኢትዮጵያ አፈር አንድ ሺህ ስም አልባ መደብ ከማውጣት ይልቅ መልካቸው የተቀረጸ፣ አመጋገባቸው የታየና ባርኮዳቸው የተነበበ አንድ መቶ ኔማቶዶችን መመዝገብ ለገበሬውም ለሳይንሱም የበለጠ ይጠቅማል።